ከሰርጉ ዲስክ ላይ የተጣለው

ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሰልማ፣

ጤናሽን፣ የእናትሽን የእማማ ሳዳን ጉልበት፣ የጁገልን ፀሐይ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ደብዳቤውን እንዳልተጻፈ ቁጠሪው፤ እንግዲህ ሁሉንም ጠይቄያለሁ። እኔ ከብርዱ በስተቀር ደህና ነኝ። ሐረር ሸዋ በር ያደገ ሰው በጥቅምት ደብረ ብርሃን ሲኖር ጥርሱ የሚያገለግለው ለመንገጫገጭ ብቻ ነው።

የላክሽውን ካርቶን ሾፌሩ ለማ አዲስ አበባ መናኸሪያ ላይ በእጄ አስረክቦኛል። አንድም ዲስክ አልተጫረም። የወንድምሽን የሙሜን ፊልሞች ከነሳጥናቸው ሳያቸው ሆዴ ባባ። አክስታችሁ ከጅዳ ማጫወቻውንና ዲስኮቹን ያመጡለት ሰሞን ሙሜ ሰፈሩን ሁሉ ቤታችሁ ሰብስቦ ሲያሳይ የነበረው ትዝ ይልሻል? እኔ የክፍል ጓደኛው በር ላይ ቆሜ ጫማ አስወልቅ ነበር።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። ብሉሬይ ዲስክን መልሶ መጭመቅ ለቤት ውስጥ ዕይታ ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ መልሴ ያለ ጥርጥር አዎ ነው። አንዱ ዲስክ እንዳለ ቢገለበጥ ብቻውን አንድ ፍላሽ ይሞላል። ሲጨመቅ ግን የሙሜ ፊልሞች በሙሉ በኪስሽ ይገባሉ። ምን ይጠፋል ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። የሚጠፋው ዓይን የማያየው ነገር ነው። በጨለማ ቦታ የሚርመሰመስ ብናኝ፣ ግድግዳ ላይ ያለ ጉድፍ፣ ይሄን የመሰለ። ፕሮግራሙ ማንም አያየውም ያለውን ይጥላል፣ ሰው የሚያየውን ያስቀራል። በእናንተ ቴሌቪዥን ላይ ዋናውና ቅጂው የቱ የቱ እንደሆነ ለይተሽ ብትነግሪኝ ኡራኤል አትበይኝ።

የሰርግሽንም ዲስክ እንደዚያው አደርገዋለሁ። ማጫወቻው እያቃሰተ ከሆነ፣ ዲስኩም ጠርዙ መደብዘዝ ከጀመረ፣ እናትሽ ደግሞ በየቀኑ ካላዩት የማይሆንላቸው ከሆነ፣ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። እዚህ የምሠራው የሰርግ ቪዲዮ አርትዖት ነውና ለእኔ እንጀራዬ ነው።

ለምን እንደማትደውዪም ገብቶኛል። እናንተ ቤት በሹክሹክታ የተባለ ነገር ሁሉ እናትሽ ጋ ይደርሳል። ይሁን፣ ደብዳቤ መጻፍ እየለመድኩት ነው።

ወንድምሽ ኡራኤል


ሐረር
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኡራኤል፣

አላህ ጤናህን ይስጥህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስላዘገየሁት ይቅርታ፤ የትምህርት ቤት ፈተና እርማት ነው ብዬ እንዳልዋሽህ፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

ፍላሹ ደርሶናል። የሙሜን ፊልሞች ባለቤቴ አብዱልፈታ ከሥራ ሲመለስ አንድ በአንድ እያየ ነው። ልዩነት አገኘሁ ብሎ አያውቅም፤ ስምህ ተርፎልሃል።

ከፍላሹ ጋር በላክኸው ወረቀት እናትሽ የሰርጉን ወደዱት ወይ ብለህ ባትጠይቅ ዝም እል ነበር። አልወደደችውም።

እናቴ ያንን ፊልም ሳታይ የዋለችበት ቀን እንደሌለ ታውቃለህ። የሚያያት ሰው ሁሉ ልጇን እንዴት ብትወዳት ነው ይላል። እኔን አይደለም የምታየው። ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ ቀይ የተቀቡት መደቦች ሁሉ የየራሳቸው ባለቤት አላቸው። ጥግ ያለው አሚር ነደባ የአባወራው ነው። አባቴ ሲሞት የሙሜ ሆነ። ሙሜ በባሕር ወደ የመን ከሄደ በኋላ እናቴ ማንም እንዳይወጣበት ከለከለች። ሰርጌ ሲደገስ እሱ ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር። ቤቱ ጢም ብሎ ሴቶቹ አንዷ በሌላዋ ጭን ላይ ተቀምጠው ሲዘፍኑ እንኳ ያ መደብ ባዶውን ነው ያመሸው። ካሜራማኑ መብራቱን እኔ ላይ ስላደረገው ጥጉ ጨልሟል። እናቴ ግን ሙሜ እዚያ ተቀምጧል ትላለች። የምታየው እሱን ነው።

እኔ አይቼው አላውቅም። ጥቁር ነገር ነው የማየው። የላክኸውን ቅጂ ከፍተን እዚያ ቦታ ስንደርስ እናቴ ትንፋሿን ዋጠች፣ እኔም ደነገጥኩ። መደቡ ባዶ ነበር። እብድ እንዳትለኝ ኡራኤል፤ መኖሩን አንድም ቀን አላየሁም፣ አለመኖሩን ግን አየሁ።

«ይህ ልጅ ልጄን የት አደረሰው?» አለችኝ። ምናልባት የቆረጥከው ነገር ይኖር ይሆን?

እህትህ ሰልማ


ደብረ ብርሃን
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሰልማ፣

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ።

ምንም አልቆረጥኩም። አንዲት ሰከንድ አልነካሁም። ደብዳቤሽን ሳነብ ትንሽ ከፍቶኛል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆንብኝ። እማማ ሳዳን እንደ እናቴ ነው የማያቸው፤ ልጄን የት አደረሰው ሲሉኝ እንጀራ ከአፌ ይወድቃል።

ነገሩን ላስረዳሽ። ፕሮግራሙ ከሁሉ በላይ ንፉግ የሚሆነው ጨለማ ላይ ነው። ጨለማ ውስጥ ያለው ብናኝ በዋናው ዲስክ ላይ ዝም አይልም፣ ይንቀሳቀሳል። ሲጨመቅ ጸጥ ያለ ጥቁር ይሆናል። አንቺም ባዶ ሆነ ያልሽው እሱን ነው። እናትሽ ደግሞ እናት ናቸው፤ የናፈቀ ሰው በጉም ውስጥም ሰው ያያል። ዋናውን ዲስክ ራሴ ከፍቼ፣ ብርሃኑን ከፍ አድርጌ፣ ጥጉን አፍጥጬ አይቼዋለሁ። የሚንቀሳቀስ ብናኝ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ሳልጨምቅ እንዳለ መገልበጥም እችላለሁ፤ ከባድ ፋይል ይሆናል እንጂ አያቅትም። ከዚያ በፊት ግን የጣልኩትን ላሳያችሁ። ከዋናው ላይ ቅጂውን ሲቀንሱት የተጣለው ብቻውን ይቀራል። ሁልጊዜ የሚወጣው አንድ ዓይነት ነው፤ የሁሉም ነገር ጠርዝ፣ የሰው ፊት መስመር፣ የሻሽ ጫፍ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሰፌድ ክብ። እሱን ፎቶ አድርጌ እልክልሻለሁ። እናትሽም ያዩና ይቅር ይሉኛል።

ኡራኤል


ሐረር
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ኡራኤል፣

እንደምን ሰነበትክ? ፎቶውን ስጠብቅ ቆየሁ። እንዳላጨናንቅህ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ቸገረኝ።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ከሙሜ ጋር ጀልባ ላይ የነበረ ልጅ ከየመን ተመልሶ ነበር። ጀልባዋ ስትገለበጥ ሙሜ ውሃው ውስጥ ሲሰጥም አይቻለሁ ብሎ ለአጎቴ ለጀማል መሰከረ። ለአንተ አልጻፍኩም፤ ብጽፈው እውነት የሚሆን ስለመሰለኝ ነው። አጎቴ ሼኹን ጠይቆ ሰላተል ጋኢብ ይሰገድበት ተባለ፤ ሬሳው በእጅ ላልገባ ሟች የሚሰገድ ሰላት ነው። እናቴ ግን አሻፈረኝ አለች። «በሕይወት ባለ ሰው ላይ አይሰገድም» አለች። አጎቴ ተቆጥቶ በሕይወት መኖሩን በምን አወቅሽ ቢላት፣ «ቤቴ ተቀምጦ» አለችው። አጎቴ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሲመጣ ያንን ጥግ ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው።

ዲስኩ አንተ ጋ ከሆነ ወዲህ እናቴ የአንተን ቅጂ ትከፍትና እዚያ ቦታ ስትደርስ ታቆመዋለች። ባዶውን መደብ እያየች እራቷን ሳትቀምስ ትተኛለች። ከስታለች፤ ቀለበቷ ከጣቷ እየወጣ ነው። እናቴን እንዳላጣት እፈራለሁ ኡራኤል። ሙሜን አጥቼ እሷን ልደግም አልችልም።

ትናንት ምን አለችኝ መሰለህ? «ይህ ልጅ የሚጥለውን የት ነው የሚጥለው?» አለችኝ። የሚደፋበት ቦታ ይኖረው ይሆን ማለቷ ነው። ኡራኤልን እጠይቀዋለሁ አልኳት። መልስ አለህ?

ሰልማ


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰልማ፣

የሙሜን ነገር አነበብኩት። ሥራ ቦታ ነበርኩ፣ ሰው እንዳያየኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ፎቶውን አልላክሁልሽም። አልልከውምም። ምክንያቱን ልጽፍ ብዬ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይቅር በይኝ።

እናትሽ የት ነው የሚጣለው ላሉት፣ መልሴ የትም አይጣልም የሚል ነበር። ዋናውን ከቅጂው ጋር አቀናንሼ የቀረውን ሳየው ግን የጠበቅሁት ጠርዝና መስመር አልነበረም። የሰፌድ ክብ የለም፣ የሴቶቹ ሻሽ የለም፣ አንቺም የለሽም። ሙሉው ነገር ግራጫ ሆኖ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጧል። ቤት በሌለበት፣ መደብ በሌለበት፣ እግሩን አጥፎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ማን እንደሆነ ልንገርሽ? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሬው የተማርኩትን ሰው አልስትም።

የኔ ስህተት ነው ብዬ ከፊልሙ ሌላ ቦታ ወሰድኩ። በጠራራ ፀሐይ የባጃጁ አጀብ ፈረስ መጋላ አደባባይን የሚዞርበትን። እዚያም አለ። አስፋልቱ መሐል በዚያው አቀማመጥ ተቀምጧል፤ ባጃጆቹ አይታዩም እንጂ በላዩ ላይ ነው የሚያልፉት። ካሜራው ሲዞር አብሮ አይዞርም፤ ፊቱ ሁልጊዜ ወደሚያየው ሰው ነው።

ከዚያ የማይሆን ነገር አደረግሁ። ከሙሜ ፊልሞች አንዱን፣ ፈረንጆች በበረዶ ላይ የሚባረሩበትን፣ እንደዚያው አቀናንሼ አየሁ። የሰርጉ ዲስክ ከዚያ ፊልም ጋር ምን ዝምድና አለው? በረዶው መሐል ተቀምጧል።

የራሴን ዲስኮች አልሞከርኩም። የማልሞክረው ስለምፈራ ነው።

ኡራኤል


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰልማ እህቴ፣

አዎ። አፉ ይንቀሳቀሳል። ይህን እንዳትጠይቂኝ እየጸለይኩ ነበር፤ የእናትሽ ልጅ ነሽና በሰሞኑ ደብዳቤሽ ጠየቅሽ።

ድምፁም ይጨመቃል። ሴቶቹ ሲዘፍኑ ከዘፈኑ ሥር ያለውን ደካማ ድምፅ ፕሮግራሙ ማንም አይሰማውም ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ እንደ ምስሉ ድምፁንም አቀናነስኩት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ መስኮቱን ከፍቼ ነው ያዳመጥኩት፤ ብቻዬን አልደፈርኩም። ከበሮው የለም፣ ዘፈኑ የለም፣ እልልታው የለም። አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ የሚናገረውም በሐረሪዎች ቋንቋ በጌ ሲናን ነው። እናንተ ሰፈር ያደግሁ ስለሆነ ቋንቋችሁ አያታልለኝም።

«እናቴ፣ ስገዱብኝ» ነው የሚለው።

ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይህንኑ ነው የሚለው። አይጮህም፣ አይቆጣም። ውሃ አቀብዪኝ እንደሚል ሰው ነው። ለእናትሽ መንገር አለመንገሩን ለአንቺ ትቼዋለሁ። በአንቺ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ኡራኤል


ሐረር
ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ኡራኤል፣

እንኳን ለገና አደረሰህ። በዓሉ ካለፈ ቢደርስህ አትቀየመኝ።

ነገርኳት። ትወድቃለች ብዬ አብዱልፈታን ከጎኗ አስቀምጬ ነው የነገርኳት። አልወደቀችም። እንኳን ልትወድቅ አልደነገጠችም። «እሱማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የሚለው» አለችኝ።

ኡራኤል፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስትሰማው ኖራለች። እኛ ማድቤት ሆነን ስናወራ፣ የጎረቤት ልጆች ሲጫወቱ፣ እኔ ደብተር ሳርም፣ እሷ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብላ ልጇ ስገዱብኝ ሲላት ስትሰማ ነበር። ታዲያ ለምን አልነገርሽንም ብዬ ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

«ብነግራችሁ ትሰግዱበታላችሁ» አለች። «ከሰገዳችሁበት በኋላ ማን ነው እናቴ የሚለኝ?»

«እኔ አለሁ አይደል?» አልኳት። ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች።

ዲስኩን ላክልን። ሌላ ነገር አታድርግበት። እናቴ ደግሞ «ለልጁ ንገሪው፣ ያወጣውን ይመልሰው» ብላለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አንተ ታውቅ ይሆናል።

ሰልማ


ደብረ ብርሃን
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰልማ፣

ዲስኩን ለለማ ሰጥቼዋለሁ። እንደላክሽልኝ ነው፤ እሱ ላይ የተነካ ነገር የለም። ያወጣሁትን መመለስ ግን አልችልም፤ ለእናትሽ እንደዚያ በያቸው። ለብቻው የወጣውን ፋይል አጥፍቼዋለሁ። ከማጥፋቴ በፊት በስሙ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ዳዊትም ደገምኩለት። ሃይማኖቱ ባይሆንም ሙሜ በዚህ የሚቀየመኝ ሰው አይደለም።

ዓይን የማያየው ብቻ ነው የሚጠፋው ብዬ የጻፍኩልሽን ሰርዢው። የማን ዓይን ብዬ አልጠየቅሁም ነበር።

ኡራኤል


ሐረር
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኡራኤል፣

ይህ ደብዳቤ ከዲስኩ ጋር ነው የሚደርስህ። አትደንግጥ። እናቴ ጭመቀው ብላለች፤ በተቻለህ መጠን አሳንሰህ ጭመቀው፣ ስልኳ ላይ እንዲገባላት ትፈልጋለች። የሚጣለውን ግን ለብቻው አውጥተህ እንዳታይ። እኔ ነኝ የምለምንህ።

የሆነውን ልንገርህ። ዲስኩ የደረሰን ቀን እናቴ ከፈተችውና ብዙ ሰዓት አየችው። እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም። በመጨረሻ «ሙሜ ቁጭ ማለት አይችልም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አንተም ታውቀዋለህ፤ ምግብ እንኳ ቆሞ ነበር የሚበላው። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። አጎትሽን ጥሪልኝ አለች። አጎቴ ጀማል ሲመጣ ያለችው አንድ ቃል ነው፤ «ይሰገድበት» አለችው።

ዓርብ ጁምዓ ላይ ወንዶቹ ሁሉ ወደ መስጊድ ሄዱ። እናቴና እኔ ቤት ቀረን። ዲስኩን አስገቢው አለችኝ። አስገባሁት። ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ እኔ በመብራቱ መሐል አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ፣ ጥጉ እንደ ሁልጊዜው ጨለማ ነው። ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የወንድሜ ስም ከነአባቱ ሲጠራ ሰማን። ከዚያ ሰላቱ ተጀመረ፣ ከተማው ሁሉ ጸጥ አለ።

ምን አየሽ ብትለኝ፣ ሙሜን አላየሁም። ያየሁት የእናቴን ዓይን ነው። ዓይኗ ከጥጉ ተነሣ፤ ቀስ እያለ በሴቶቹ መሐል አልፎ ወደ በሩ ሄደ። እኔ ደግሞ ዓይኗን ተከትዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ። ሴቶቹ ዘፈኑን ሳያቋርጡ፣ ማንንም ሳያዩ፣ አንዷ ከሌላዋ ቀጥላ እግራቸውን ሰበሰቡ። ሰው ሲያልፍ መንገድ እንደሚለቀቅለት። ያንን ፊልም ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አይቼዋለሁም፤ እዚያ ቦታ ላይ እግሯን የሰበሰበች ሴት ኖራ አታውቅም። በሩ አጠገብ ያለችው የመጨረሻዋ ቀሚሷን እንኳ ወደ ራሷ ጎተተች። ጮኼ ልወጣ ነበር፤ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ዘፈኑን ብቻ ነው። አብዱልፈታና አጎቴ ከመስጊድ ሲመለሱ እያለቀስን ነበር ያገኙን። አጎቴ ጥጉን አየት አደረገና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ማጫወቻው አልቆመም ነበር፤ ማንም አላጠፋውም።

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች። ስታየው ለኖረችው ፊልም እንግዳ የሆነች ይመስል ዓይኗን አጥብባ መሐሉን፣ መብራቱ ያረፈበትን አየችው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገችና፣ «ይቺ ሙሽራ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

አዎ እኔ ነኝ አልኳት።

እህትህ ሰልማ